ሰው መቶ ዋት ነው

ሄርሜላ እባላለሁ፤ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ሙቀት ለኪ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬን የሚወድልኝ ሰው የለም፤ እኔም እንዲወዱልኝ አልጠብቅም። ጠዋት መለኪያዬን አንግቤ ወደ አንዱ ሕንፃ ስገባ ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሴቶች «መጣችላችሁ!» ይባባላሉ፤ ወዲያው በየፎቁ መስኮት ሲከፈት ይሰማል። ሌሊቱን ዘግተው አድረው ነዋ! እኔ ደግሞ ይህን የማላውቅ ይመስላቸዋል።

የከተማችን ሕግ አጭር ነው። እዚህ የምንኖረው በብርዱ ምክንያት ነው፤ ብርዱ ደግሞ የእኛ አይደለም፣ የማሽኖቹ ነው። የብርድ ጽሕፈት ቤት ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ማሽን ይሰጣል። ማሽኑ ቀንና ሌሊት ያሰላል። ምን እንደሚያሰላ አንጠይቅም፤ የእኛ ድርሻ እንዳይግል መጠበቅ ብቻ ነው። መስኮት አይዘጋም። ምድጃ ቤት ውስጥ አይገባም፤ ወጥ የሚሠራው ግቢ ወርዶ በጋራ ማብሰያ ነው። እንግዳ በር ላይ ይስተናገዳል፤ ምክንያቱም ሰው ዝም ብሎ ቁጭ ቢል እንኳ መቶ ዋት ያህል ይሞቃል። በየበሩ የተሰቀለው ቆጣሪ ሰውን በሙቀቱ ይቆጥራል፤ ከተመዘገበው በላይ ሰው ከሩብ ሰዓት አልፎ ቤት ውስጥ ካገኘ ይጮኻል። ድሮ ለቅሶ ደራሽ ቤት ውስጥ ይገባና ተቀምጦ ይውል ነበር አሉ። አሁን ደረጃው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይቆሙና «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ይወርዳሉ።

ማሽኑ በሙቀት ሦስት ጊዜ የጠፋበት ቤት ቆላ ይወርዳል። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ግን ምንም ሳይጠፋበትም ይወርዳል፤ የደበቀው ቤተሰብም አብሮት ይወርዳል። «አይሠራም፤ ይሞቃል» ነው የሚባለው። ቆላው ስንት ዲግሪ እንደ ደረሰ ለመናገር ምን አደከመኝ፤ ከዚያ ወርዶ ደብዳቤ የጻፈ ሽማግሌ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህን ሁሉ እያወቀ ሕዝባችን ዳንቴል አይተውም። ድሮ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ላይ ይለብስ የነበረው ዳንቴል ዛሬ ማሽኑ ላይ ነው። «ራቁቱን ይቁም እንዴ እትዬ ሄርሜላ? ነውር አይደለም?» ይሉኛል፤ የአየር መግቢያውን በዳንቴል አበባ ጥርቅም አድርገው ደፍነው! ስንቱን ቀምቼ ቢሮዬ ውስጥ እንደ ከመርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሁለተኛው ጥፋታቸው ማፍጠን ነው። ማሽኑን ከተሰጠው ፍጥነት በላይ ማስሮጥ አይከለከልም፤ እንዲያውም ይወደሳል። ከስድስት ጊጋኸርዝ በላይ ዘጠና ቀን ሳይጠፋ የሮጠ ቤት ቋሚ ነዋሪ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ቢጠፋም ቤተሰቡን ቆላ የሚያወርደው የለም። ስለዚህ ሁሉም ያፈጥናል። ችግሩ፣ ሰው የሚያየው የፕሮሰሰሩን ሙቀት ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያላ! ፋኑን ይነቅልና ፕሮሰሰሩ ላይ የውሃ ቱቦ ያስራል፤ «ቀዘቀዘልኝ» ብሎም ተዘልሎ ይተኛል። ፕሮሰሰሩ ዙሪያ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ቺፖች አሉ፤ ኤሌክትሪኩን መጥነው የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ንፋስ ይደርሳቸው የነበረው ከዚያው ከተነቀለው ፋን ነው። ፋኑ ሲሄድ ዝም ብለው ይጠበሳሉ። ቦርዱ መቶ አምስት ዲግሪ ሲገባ ማሽኑ ድርግም ይላል፤ ባለቤቱም «ምንም ሳይሞቅ ጠፋብኝ» እያለ እኔ ላይ ያለቅሳል።

የናኦድና የሶልያና ማሽን እንዲሁ ሁለት ጊዜ ጠፍቷል። ባልና ሚስት ናቸው፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ከአራት ዓመት ሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አንድ ጊዜ ከተደገመ ሕፃኗን አዝለው ቆላ ነው። የናኦድ አባት፣ ጋሽ ናሆም፣ ባለፈው ዓመት ሰባ አምስት ሞልቷቸው «ቆላ ተሸኝተዋል» ተብሎ መዝገባችን ላይ ተጽፏል። እነናኦድ ማሽኑን ማፍጠን ከጀመሩ ሰማንያ ሰባተኛው ቀን ላይ ልፈትሻቸው ሄድኩ። ሦስት ቀን ነበር የቀራቸው።

ሶልያና ብቻዋን ነበረች። መለኪያዬን ሰካሁ። ፍጥነት፣ ስድስት ነጥብ ሁለት። ፕሮሰሰር፣ አርባ ስድስት ዲግሪ። ቦርድ፣ አርባ አራት። መለኪያው የተበላሸ መስሎኝ ነቅዬ እንደገና ሰካሁት። አርባ አራት!

«ሶልዬ፣ ይሄ ቦርድ ነው እንስራ?» አልኳት።

አልሳቀችም። ሁልጊዜ የምትስቅ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ግን ጣቷን እያፍተለተለች ወለል ወለል ታያለች።

ዳንቴሉን ገለጥኩና ቺፖቹን ነካኋቸው። ለብ ብለዋል እንጂ አያቃጥሉም። በላያቸው ልክክ ብሎ የተቀረጸ መዳብ ተጋድሟል፤ ውሃ ያልፍበታል። እጁ የተባረከ ሰው ሥራ ነው። እውነቱን ልናገርና ቀናሁ። ግን ውሃው ያን ሁሉ ሙቀት ወስዶ የት ነው የሚጥለው? መስኮቱ ላይ ማቀዝቀዣ የለም። ሁለት ቱቦዎች ብቻ የግድግዳውን ሥር ይዘው፣ ምንጣፍ ሥር ገብተው፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ያመራሉ።

«እሱ ዕቃ ቤት ነው እትዬ» አለች ሶልያና፤ ቀድማኝ በሩ ላይ ተለጥፋለች።

«ዕቃውን ልየዋ።»

«ዝርክርክ ብሏል... ነገ አጸዳድቼው...»

«ሶልያና!» አልኩ።

ዞር አለችልኝ። በሩን ከፈትኩት።

በስመ አብ! ሰው ነው። መስኮት የሌላት፣ ሁለት እርምጃ የማትሞላ ክፍል ውስጥ የውሃ ፍራሽ ተነጥፏል፤ ቱቦዎቹ በአንዱ ጫፍ ገብተው በሌላው ይወጣሉ። ፍራሹ ላይ አንድ ሽማግሌ በቀጭን ነጠላ ተጋድመዋል። ግንባራቸው፣ አንገታቸው፣ ደረታቸው ላብ በላብ ነው። ራስጌያቸው ሦስት ጀሪካን ውሃ ተደርድሯል። መለኪያው ከእጄ ወደቀ።

«ግቢና በሩን መለስ አድርጊው» አሉኝ። «ሄርሜላ ነሽ አይደል? ድምፅሽን ለይቼዋለሁ። የዳንቴል ቀማኛዋ።»

«ጋሽ ናሆም! እርስዎ... ቆላ ወርደው አልነበረም እንዴ?»

«ወርጃለሁ እኮ። ይሄ ምን ይመስልሻል?» ብለው ፍራሹን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

እጄን አሳረፍኩበት። ያተኩሳል፤ ልክ እንደታመመ ሰው ገላ። ፍራሹና ሰው እኩል ስለሚሞቁ የበሩ ቆጣሪ ሽማግሌውን ከፍራሹ አልለያቸውም። ይህ ሲገባኝ ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥኩ።

«መዳቡን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ ያፈጠንኩትም እኔው» አሉ ጋሽ ናሆም። «በጎረምሳነቴ አዲስ አበባ ኮምፒውተር እጠግን ነበር። ለጌም ስል ስንቱን አፍጥኜ አጋይቼዋለሁ መሰለሽ! ያኔም ሰው ሁሉ የሚያየው ፕሮሰሰሩን ነው። ተሸክሞ የሚሞተው ቦርዱ መሆኑን ያወቅኩት አራት ቦርድ ገድዬ ነው።»

«አሁን ሙቀቱን የሚያወጣው ምንድን ነው?» አልኩ። መልሱን አውቄዋለሁ፤ ግን ሌላ ነገር እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

«እኔ ነኛ። ፋን አያልበውም፣ ሰው ግን ያልበዋል። እጠጣለሁ፣ ያልበኛል፣ ሙቀቱ ይሄዳል። በቀን ዐሥራ ሁለት ሊትር እጠጣለሁ። ምን ይከፋል? ብርድ ገድሎኝ ነበር፤ አሁን ሞቆኛል።»

ለቦርድ የተሠራውን መለኪያ አንስቼ ግንባራቸው ላይ አሳረፍኩት። ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ አራት።

«ለቦርድ ጥሩ ነው» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን ጮህኩባቸው። «ይነሱ! አሁኑኑ ይነሱ! እየተቀቀሉ እኮ ነው! ሶልያና፣ አንቺ ምን ነካሽ? አእምሮ የለሽም?»

ሶልያና በሩ ሥር ቆማ ታለቅሳለች። «ሞቆኛል፣ ደስ ብሎኛል ይሉናል እኮ እትዬ። ናኦድም ይሙቃቸው ብሎ ነው» አለች።

ጋሽ ናሆም እጄን ያዙኝ። እጃቸው ከላብ የተነሣ ያሟልጫል። «ቆይ አንቺ ልጅ። እኔ ብነሳ ቦርዱ በስንት ደቂቃ መቶ አምስት ይገባል? ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፤ ንገሪኝ።»

አርባ ደቂቃ አይሞላውም። አልነገርኳቸውም፤ ፊቴ ላይ አነበቡት።

«ሦስት ቀን ነው የቀረው። ከዚያ ማሽኑ ቢፈልግ ይጥፋ፤ እኔም እነሳለሁ። አሁን ቅጽሽ ላይ ሰው ብለሽ ከጻፍሽኝ እኔም እነሱም ሕፃኗም ቆላ ነን። ስለዚህ ዕቃ ብለሽ ጻፊኝ። ዕቃ አያባርሩም።»

ቅጹ ላይ «የማቀዝቀዣ ዓይነት» የሚል መስመር አለ። ፋን፣ ውሃ፣ ሌላ። «ውሃ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩና ፈረምኩ። ለሶልያና «በየጀሪካኑ ጨውና ስኳር ጨምሪበት» አልኳት። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ባለሙያ የሰጠችው ምክር ይህ ብቻ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ግን ሆዴ ውስጥ ነቀዘ። ሦስቱን ቀን እህል አላሰኘኝም። ቢሯችን ውስጥ የእያንዳንዱ ቤት ቦርድ ሙቀት ስክሪን ላይ ይነበባል፤ ሥራዬን ትቼ የእነናኦድን መስመር ብቻ ስጠብቅ ዋልኩ። አርባ አራት። አርባ አራት። አርባ አራት። «በሕይወት አሉ ማለት ነው» እላለሁ ለራሴ። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ አየውና «የዚህ ቤት ማቀዝቀዣ ምንድን ነው? ዝንፍ አይልም እኮ! ለሌላውም ቤት እናስተምርበት» አለኝ።

«ውሃ ነው» አልኩት።

በዘጠናኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አርባ አራቱ አርባ ሰባት ሆነ። ዓይኔን አሸሁ። አምሳ ሦስት ሆነ። ሰው ሲሞት ላቡ ይቆማል። መርዷቸውን ልጃቸው ሳይሰማ፣ እኔ ቢሮ ወንበሬ ላይ ሆኜ በቁጥር አነበብኩት። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ፤ በየትኛው ባጃጅ እንደ ሄድኩ፣ ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ናኦድ ደረጃው ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ቆሟል፤ ፊቱ በርቷል። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘጠናው ቀን ይሞላል። «እትዬ ሄርሜላ! ቤት ለእንቦሳ በይን እንጂ! ሁለት ሰዓት እኮ ነው የቀረን!» አለኝ። ጎረቤቶቹም «ቤት ለእንቦሳ!» ብለው በእኔ ፈንታ መለሱለትና ተሳሳቁ። እኔ ገፍቼው ገባሁና መለኪያዬን ማሽኑ ላይ ሰካሁት።

ሶልያና ዕቃ ቤቱ ውስጥ የጋሽ ናሆምን እጅ ይዛ ተቀምጣለች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎስራለች። ለምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አንድ ጊዜ ብትጮህ ፎቁ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይገባል፤ ደረጃ ላይ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ ብሎ በድንገተኛ ለቅሶ ሰዓት የሚያስቆመው ማንም የለም። በዚያ ላይ ቦርዱ...

ነጠላውን ካፏ አወጣች። «ስንት ደረሰ?»

«ሰማንያ አንድ።»

ተነሳች። ሁለታችን ጋሽ ናሆምን አንስተን ግድግዳው ሥር፣ ወለሉ ላይ አጋደምናቸው፤ ቀላል ሆነዋል። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ አሮጌ ጋቢ አወረደች፤ የተረፈውን የጀሪካን ውሃ አፈሰሰችበትና ባዶው ፍራሽ ላይ አነጠፈችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና የሳሎኑ መስኮት ነፋስ እንዲገባበት አደረገች። እጇ አልተደናበረም፣ አላመነታም። የሚያውቀውን ሥራ የሚሠራ እጅ ነው።

መለኪያዬን ተመለከትኩ። ሰማንያ አራት። ሰማንያ አራት። ሰባ ዘጠኝ። ስልሳ ስድስት። አምሳ። ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ አርባ አንድ ላይ ቆመ። ጋሽ ናሆም ይዘውት ከነበረው በሦስት ዲግሪ ያነሰ ነው።

«ይሄን... ይሄን ከየት አወቅሽው?» አልኳት።

«መጀመሪያም እንዲህ ነበር» አለች ሶልያና። አታለቅስም፤ ዓይኗ ደርቋል። «ፍራሹን የሠሩት ቀን እርጥብ ጋቢ ያነጠፉበት ራሳቸው ናቸው። ሁለት ሳምንት በጋቢው ሠርቷል። ከዚያ አንድ ቀን እኔና ናኦድ ስንነጋገር ሰሙን። በትርፍ ሰው ብንያዝስ፣ ሕፃኗን ይዘን ቆላ ብንወርድስ፣ እሳቸውን እንደ ደንቡ ብንሸኛቸውስ... እንዲህ ስንል። በማግስቱ 'ጋቢውን አንሱልኝ፤ ጋቢ አይበቃውም። እኔ ልተኛበት፤ ቁጥሩ በእኔ ነው የሚወርደው' አሉን። አመንናቸው። ባለሙያው እሳቸው አይደሉ?»

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ምን ልበል? ያውቁ ነበር። በጎረምሳነታቸው አራት ቦርድ ገድለው የተማሩ ሰው እርጥብ ጨርቅ እንደሚበቃ አያጡትም። እንዳያወጧቸው ብለው፣ ያለ እርሳቸው ቤቱ የማይቆም ለማስመሰል ብለው፣ በጋቢ ፈንታ ተነጠፉ። እኔስ? «እርጥብ ጨርቅ በማሽን ቤት ውስጥ ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በየግድግዳው ስለጥፍ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን ላባቸውን በዓይኔ እያየሁ፣ አንድ ጋቢ አስነክሮ ማንጠፍ አልታሰበኝም! ራሴን በጥፊ መታሁት። ሁለት ጊዜ መታሁት።

ናኦድ ገባ። እኛን አየ፤ ባዶውን ፍራሽ አየ፤ ግድግዳው ሥር አየ። አፉ ሲከፈት ሶልያና ዘላ በሁለት እጇ ከደነችው። «እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት» አለችው ጆሮው ውስጥ። «እስከ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ብቻ፣ የኔ ጌታ። ለዚህ ነው የተኙት።»

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ተኩል እንዴት እንዳለፈ እኔ አላውቅም። ሦስታችን ወለሉ ላይ፣ ከሬሳው አጠገብ፣ ድምፅ ሳናሰማ ተቀመጥን። ናኦድ የአባቱን ነጠላ ጫፍ ነክሶ ይንቀጠቀጣል። ውጭ ደረጃው ላይ ጎረቤቶች ይስቃሉ፤ ሕፃኗ ከእነሱ ልጆች ጋር ትሯሯጣለች። እኔ በየዐሥር ደቂቃው እየተነሳሁ ጋቢው ላይ ውሃ እረጫለሁ።

ልክ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ማሽኑ ጥሪ አሰማ። ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «እንኳን ደስ አላችሁ። ቋሚ ነዋሪ፦ ሦስት ሰው።»

ናኦድ «አባዬ!» ብሎ ጮኸ። እንደዚያ ያለ ጩኸት በዚህ ከተማ ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ፎቁ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ገባ። ማንም ሁለት ሁለት ሆኖ አልቆመም፤ ሳሎኑ ጢም አለ፣ ኮሪደሩ ጢም አለ፣ ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። የበሩ ቆጣሪ እሪ ሲል አንዷ ሴት የማሽኑን ዳንቴል አንስታ ደፈነችበት። መለኪያዬ ዘጠና፣ መቶ፣ መቶ አምስት አለ። ማሽኑ ድርግም ብሎ ጠፋ። ዞር ብሎ ያየው የለም።

ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ፍሬሕይወት ደረቷን እየደቃች፣ እንባዋ እየወረደ በሰው መሐል ተሹለክልካ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ቤቱ ውስጥ ናኦድም አለ፣ ሶልያናም አለች፣ ሕፃኗም አለች። በዓይኗ ሦስቱንም ቆጠረቻቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እትዬ ሄርሜላ፣ ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» አለችኝ።

ቅጹ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ «የማቀዝቀዣ ዓይነት፦ ውሃ» ይላል፣ ከሥሩ ፊርማዬ አለ።

«ሰው ነው» አልኳት። «ጋሽ ናሆም ናቸው። እዚሁ ነበሩ።»